ትራከሩ የቆመችውን መኪና "ሄደች" ይላል፣ ባትሪም ይጨርሳል፤ ችግሩ ከጂፒኤሱ ነው ወይስ ከአገጣጠሙ?

ቪትዝ ነጂ፦

ሰላም ለሁላችሁም። መኪናዋ ቶዮታ ቪትዝ ነች፤ ከጃፓን ወጥታ ዱባይ ላይ መሪዋ ወደ ግራ ተዘዋውሮ የገባች። የተገጠመላት ትራከር (መኪናዋ ያለችበትን ቦታ በሲም ወደ ስልክ የሚልክ ዕቃ) ባለ 2ጂ ቻይና ሠራሽ ሲሆን አንቴናው ውስጡ ነው፤ አራት ሽቦ አለው፦ ቀይ፣ ጥቁር፣ ብርቱካናማና ቢጫ። ገጣሚው ቀዩን ቀጥታ ከባትሪ፣ ጥቁሩን ከቦዲ አገናኝቶ ብርቱካናማውንና ቢጫውን በቴፕ ጠቅልሎ ትቷቸዋል። ዕቃው የተቀመጠው ከሬዲዮው ኋላ፣ ከብረት ማቀፊያው ሥር ነው።

የሚታየው ነገር እንዲህ ነው። መኪናዋ ግቢ ውስጥ ቆማ አፑ ላይ ሌሊቱን ሙሉ ስትዞር ታድራለች፤ ጠዋት ሪፖርቱ ያልተነዳ ኪሎሜትር ቆጥሮ ይጠብቃል። አንዳንዴ ደግሞ ድንገት አንድ ኪሎሜትር ያህል ርቃ ሌላ ሰፈር ትገኝና ትመለሳለች። ሳምንት ከቆመች ሞተሪኖው አይዞርም። ሲሙ ካርድ እያለውም በየመሀሉ "ኦፍላይን" ይላል።

ዕቃው ይቀየር ወይስ አገጣጠሙ ይስተካከል? ቢጫውን ሽቦ በሪሌ (በትንሽ ኃይል የሚታዘዝ የኤሌክትሪክ ማብሪያ ማጥፊያ) አድርጌ ከስልክ ሞተር ለማጥፋት ብፈልግስ የቱ ሽቦ ላይ ነው የሚቆረጠው? እግረ መንገዴን፦ የጃፓኑ ሬዲዮ ናቪጌሽን ቀኑን ከ19 ዓመት በላይ ወደ ኋላ አድርጎ ነው የሚያሳየው። ከትራከሩ ጋር ይገናኛል?


ሽቦ ፈቺ፦

ወንድሜ ዕቃውን ለመቀየር አትቸኩል። ሰው "ጂፒኤሱ አልሠራም" ሲል ሦስት የተለያየ ሥራ ነው በአንድ ስም የሚጠራው፦ ከሳተላይት መቀበል፣ የተቀበሉትን በሲም መላክ፣ ለሁለቱም ከባትሪ ኃይል መውሰድ። ያንተ ዕቃ ሦስቱም ላይ ቅሬታ አለበት፤ የእያንዳንዱ መንስኤ ግን ለየብቻ ነው። አንዱን ስትነካ ሌላው ይስተካከላል ብለህ አትጠብቅ።

መጀመሪያ ካርታው ላይ የዝላዩን ርዝመት እይ፤ ርዝመቱ ራሱ መንስኤውን ይነግርሃል። ከ5 እስከ 50 ሜትር እየተንገዋለለ ነጥቦቹ መኪናዋን ከበው የሚሰበሰቡ ከሆነ፣ ዕቃው ሳተላይት ያያል፣ ግን የሚደርሰው ሲግናል ከግድግዳና ከቆርቆሮ ጣሪያ ነጥሮ ነው። 500 ሜትር፣ አንድ ኪሎሜትር፣ ከዚያም በላይ ዘሎ ሁልጊዜ ወደ አንድ ወይም ሁለት የተለመዱ ነጥቦች የሚሄድ ከሆነ ይሄ ጭራሽ ጂፒኤስ አይደለም። ዕቃው ሳተላይት ሲያጣ የቴሌኮም ታወሩን መለያ ይልካል፣ ሰርቨሩ ታወሩ ያለበትን ቦታ ካርታ ላይ ያስቀምጣል። ኤልቢኤስ የሚሉት ይህንን ነው። መኪናዋ ከጋና በስተደቡብ ባሕር ላይ ከታየች ደግሞ ኬክሮሱም ኬንትሮሱም ዜሮ ሆኖ ተልኳል ማለት ነው።

ለማረጋገጥ፣ ትራከሩ ውስጥ ወዳለው ሲም ቦታ የሚጠይቀውን ቴክስት ላክ። ብዙዎቹ የቻይና ዕቃዎች በመመሪያ ወረቀታቸው ላይ ትዕዛዙና ፓስዎርዱ አብረው ተጽፈዋል፣ መሀላቸው ክፍተት አይገባም። የሚመለሰው መልእክት ኬክሮስና ኬንትሮስ ከያዘ ሳተላይት አግኝቷል። በምትኩ "ኤል ኤ ሲ" የሚል የእንግሊዝኛ ምሕጻርና ቁጥር ከመጣ ያየው ታወር ብቻ ነው። "ላስት" የሚል ቃል ካለበት የሚነግርህ ያለፈውን ቦታ ነው፣ የአሁኑን አይደለም።

አሁን አቀማመጡ። የጂፒኤስ ሳተላይት ከምድር 20,200 ኪሎሜትር ርቆ ነው የሚዞረው፤ ሲግናሉ መሬት ሲደርስ ከአንድ ዋት አሥር ሺህ ትሪሊዮንኛ ያህል ብቻ ይቀረዋል። ፕላስቲክ፣ ጨርቅና ተራ መስታወት ያሳልፉታል። ብረት አያሳልፈውም። ከሬዲዮው ኋላ፣ በዚያ ላይ ከብረት ማቀፊያ ሥር ያለ ዕቃ ሰማይ አያይም፤ ስለዚህ አንድ ኪሎሜትር የዘለለችበት ምክንያት ግልጽ ነው። አውጣውና የዳሽቦርዱ የላይኛው ፕላስቲክ ሥር፣ ወደ ፊት መስታወቱ አስጠግተህ አስቀምጠው። አንዱ ፊቱ ላይ "ይህ ወገን ወደ ላይ" የሚል ምልክት አለው፣ እሱ ሰማይ ማየት አለበት። በላዩ ላይ የብረት ዘንግ ወይም የአየር ማስተላለፊያ ፎይል አለመኖሩን እይ። በሽቦ ማሰሪያ ወይም በባለ ሁለት ፊት ቴፕ አጥብቀው፤ የተንጠለጠለ ዕቃ በየጉድጓዱ እየተገለበጠ ፊቱን ወደ ታች ያደርጋል። የፊት መስታወቱ ላይ የብረት ብናኝ ያለው ፀሐይ መከላከያ ፕላስቲክ ከተለጠፈ ግን እዚያም አይሠራም፤ ያኔ የኋላ መስታወት ሥር ያለው መደርደሪያ ይሻላል።

የብርቱካናማው ሽቦ መተው ነው ትልቁ ስህተት። ዕቃው ቁልፉ መከፈትና መዘጋቱን የሚያውቀው በእሱ ነው። ሳያውቅ ሲቀር መኪናዋ ሁልጊዜ በጉዞ ላይ ያለች ይመስለዋል፤ ስለዚህ በየ30 ሴኮንዱ ቦታ ይልካል፣ የ10 ሜትር መንገዋለሉን ሁሉ እንደ ጉዞ ይደምረዋል፣ አይተኛም። ኪሎሜትሩም ባትሪውም የሚያልቁት በዚሁ ነው።

ብርቱካናማውን ቁልፍ ሲከፈት 12 ቮልት፣ ሲዘጋ ዜሮ የሚሆን ሽቦ ላይ አገናኝ። ብዙ ሰው የሬዲዮውን ሽቦ ይወስዳል፤ እሱ ግን ሞተሪኖ ሲዞር ለአፍታ ይጠፋል፣ ሪፖርቱ ላይም እያንዳንዱ ማስነሳት ሁለት ጉዞ ሆኖ ይቆጠራል። ሞተሪኖ ሲዞርም 12 ቮልቱ የማይጠፋውን የኢግኒሽን መስመር ምረጥ። መሪዋ የተዘዋወረች መኪና ስለሆነች የሽቦ ቀለም አትመን፤ ሲዘዋወር ሽቦ የተቀጠለበት ቦታ አይጠፋም። በቴስተር እየለካህ ሂድ። ቀዩ ሽቦ ላይም መነሻው አጠገብ የ2 አምፔር ፊውዝ አስገባ። ፊውዝ ሳይኖረው ባትሪ ላይ የታሰረ ሽቦ ቦዲ ከነካ እሳት ነው።

ከዚያ መቼቱ ውስጥ ገብተህ ሁለት ነገር አስተካክል፦ ቁልፍ ሲዘጋ ቦታው ባለበት እንዲቆለፍ፣ የመላኪያው ጊዜም እንዲራዘም። ሲነዳ 30 ሴኮንድ ጥሩ ነው፤ ስትቆም በሰዓት አንዴ ይበቃል።


ሰማይ ጠቋሚ፦

ሽቦ ፈቺ ያለው ትክክል ነው፤ የመቀበያውን ጉዳይ ትንሽ ላስፋው።

ቦታ ለመወሰን ቢያንስ 4 ሳተላይት ያስፈልጋል። ሦስቱ ለቦታው፣ አራተኛው የመቀበያውን ርካሽ ሰዓት ለማረም ነው። ይህ ሰዓት በአንድ ናኖሴኮንድ ቢሳሳት ርቀቱ 30 ሴንቲሜትር ይሳሳታል። ሲግናሉ ሕንፃ ላይ ነጥሮ 20 ሜትር ተጨማሪ መንገድ ከሄደ መቀበያው ሳተላይቱ 20 ሜትር የራቀ ይመስለዋል፣ ነጥቡም ይገፋል። ቦሌ መድኃኔዓለምና ሜክሲኮ አካባቢ ረጃጅም ሕንፃዎች መሀል ስልክህ ከዋናው መንገድ አውጥቶ ከጎን ባለው መንገድ ላይ የሚያስቀምጥህ በዚህ ምክንያት ነው። ቀለበት መንገድ ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፤ ከላይ ያለው መንገድና ከሥሩ ያለው ካርታው ላይ ተደራርበው ስለሚታዩ የትኛው ላይ እንዳለህ በ5 ሜትር ስህተት መለየት አይቻልም። ክፍት ሰማይ ሥር የስማርትፎን ስህተት ወደ 4.9 ሜትር እንደሆነ የአሜሪካ መንግሥት የጂፒኤስ ገጽ ራሱ ይናገራል፤ ስለዚህ ከማስታወቂያው "አንድ ሜትር" አትጠብቁ።

ትራከሩን ከማሰርህ በፊት የምታስቀምጥበትን ቦታ በስልክ ፈትሽ። አንድሮይድ ላይ "ጂፒኤስ ቴስት" የሚባል ነፃ አፕ አለ። ስልኩን እዚያው ቦታ ላይ ጋድም አድርገህ የእያንዳንዱን ሳተላይት የሲግናል ጥንካሬ ቁጥር እይ። ከ40 በላይ ያሉ አምስት ስድስት ሳተላይቶች ካሉ ቦታው ጥሩ ነው። አብዛኞቹ 25 አካባቢ ከሆኑ ሌላ ቦታ ፈልግ። ከዚያ የሲጋራ ማቀጣጠያው ላይ የሰካኸውን ቻርጀርና የዳሽቦርድ ካሜራውን ንቀልና ቁጥሮቹን ድጋሚ እይ። ሲነቀሉ 5 ወይም 10 ከጨመሩ ጠላትህን አገኘህ፤ ርካሽ ቻርጀሮች 12 ቮልቱን ወደ 5 ሲቀንሱ የሚያሰሙት የሬዲዮ ጫጫታ ጂፒኤስ የሚሰማበትን 1575.42 ሜጋኸርዝ ይሸፍነዋል። 30 ሴንቲሜትር ማራቅ ብዙ ጊዜ ይበቃል።

ሌላ፦ መኪና ቆሞ ሲነሳ ቦታው ቶሎ ካልመጣ ዕቃው ተበላሽቷል ማለት አይደለም። ሳተላይቱ የራሱን ምሕዋር መረጃ የሚልከው በሴኮንድ 50 ቢት ብቻ ነው፤ አንዱን ለመስማት እስከ 30 ሴኮንድ ይወስዳል፣ ሲግናሉ በመሀል ከተቆረጠ ደግሞ እንደገና ይጀመራል። እየነዱ በዛፍና በሕንፃ መሀል መጠበቅ ያንን 30 ሴኮንድ ብዙ ደቂቃ ያደርገዋል። ስልክ ፈጣን የሚመስለው ይህንን መረጃ በዳታ ስለሚያወርደው ነው፤ ዳታ ሲጠፋ ስልክም ይዘገያል። የራይድ ሹፌሮች ጠዋት ጥሪ ከመክፈታቸው በፊት ክፍት ቦታ ላይ አንድ ደቂቃ ቢቆሙ ቀኑን ሙሉ ይቀላቸዋል።

የትራከሩን ቁጥር እየገለበጡ ካርታ ላይ ለሚፈልጉም አንድ ማስጠንቀቂያ። ብዙ ዕቃዎች ቦታውን በዲግሪና ደቂቃ ነው የሚልኩት፤ 0901.5000 ማለት 9 ዲግሪ ከ1.5 ደቂቃ ነው። ወደ ዲግሪ ሲለወጥ 1.5 ለ60 ይካፈልና 9.025 ይሆናል። ነጥቡን ብቻ አዛውሮ 9.015 ብሎ የጻፈ ሰው 1.1 ኪሎሜትር ያህል ወደ ደቡብ ይሳሳታል። "ሌላ ሰፈር" የሚታየው አንዳንዴ በዚህ ነው።

ከፀሐይ መጥለቅ በኋላ ያለውን የአየር ንብርብር ሁከት የሚያነሱ አሉ። እውነት ነው፤ ኢትዮጵያ ከመሬት መግነጢሳዊ ወገብ አጠገብ ስለሆነች ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ እኩለ ሌሊት ገደማ፣ በተለይ በመጋቢትና በመስከረም አካባቢ፣ ሲግናሉ ይንቀጠቀጣል። ባለ ሁለት ድግግሞሽ ስልኮች (ከ2018ቱ ሻዎሚ ሚ 8 ጀምሮ የመጡት) የአየር ንብርብሩን መዘግየት ለክተው ያርማሉ፣ ባለ አንዱ ትራከር አይችልም። ግን ይህ ሜትሮችን እንጂ ኪሎሜትር አያዘልልም። ብረት ሥር የተቀበረን ዕቃ በፀሐይ ማሳበብ አይገባም።


ቪትዝ ነጂ፦

ቴክስት ልኬ የመለሰው ኤል ኤ ሲ ነው፤ ስለዚህ ታወር መሆኑ ነው። ፀሐይ መከላከያ ፕላስቲክ የለም። ባትሪው 35 አምፔር ሰዓት የሚል ነው። በምን ያህል ቀን ያልቃል ተብሎ ይሰላል? ኦፍላይን የሚለውስ?


ሽቦ ፈቺ፦

ስሌቱ ቀላል ነው። የማይተኛ ትራከር እንደ ዓይነቱ ከ30 እስከ 80 ሚሊአምፔር ይበላል፤ 50 እንበል። መኪናዋ ራሷ ለሬዲዮ ማህደር፣ ለሰዓት፣ ለቁልፍ ሴንሰር 30 ትበላለች ብለን እንያዝ። ድምሩ 80 ሚሊአምፔር በ24 ሰዓት ወደ 1.9 አምፔር ሰዓት ነው። ባትሪ ግማሹ ሲያልቅ ሞተሪኖ ይከብደዋል፤ የአዲስ ባትሪ ግማሽ 17.5 ነው፣ በ9 ቀን ይደረሳል። አሮጌ ባትሪ የተጻፈበትን አይይዝም፣ ስለዚህ ሳምንት የምትለው ከስሌቱ ጋር ይገጥማል። ዕቃው ሲተኛ ከ10 ሚሊአምፔር በታች ይወርዳል፤ ያኔ ድምሩ 40 ገደማ ስለሚሆን ቀኑ ከእጥፍ አያንስም።

ግምት አልበቃ ካለህ ለካው። የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍታ፣ ቴስተሩን 10 አምፔር ላይ አድርገህ በተፈታው ገመድና በባትሪው ጫፍ መሀል አስገባ። በሮቹ ዝግ፣ ቁልፉ ወጥቶ 20 እስከ 30 ደቂቃ ጠብቅ፤ ኮምፒውተሮቹ እስኪተኙ ቁጥሩ ትልቅ ነው። ከዚያ የትራከሩን ፊውዝ ንቀልና ስንት እንደወረደ እይ። ቴስተሩ እንደተገናኘ ቁልፍ እንዳትከፍት፣ ፊውዙ ይቃጠላል።

ግን አንድ ነገር ልብ በል፦ የጃፓን ሬዲዮ ናቪጌሽኖች አንዳንዶቹ ባትሪ ሲነቀል ወይም የካርታው ኤስዲ ካርድ ሲወጣ ይቆለፋሉ፣ ኮድም ይጠይቃሉ። ካርዱ ውስጡ መኖሩን ሳታረጋግጥ ባትሪ አትንቀል። አለበለዚያ ፊውዝ ሳጥኑ ላይ የትራከሩን መስመር ብቻ ለካ።


ሲም ጠባቂ፦

ስለ ኦፍላይኑ። ትራከር የሚበላው ዳታ እጅግ ትንሽ ነው። በየ30 ሴኮንዱ 150 ባይት ቢልክ፣ በቀን 4 ሰዓት ቢነዳ 480 መልእክት ነው፣ 72 ኪሎባይት። በወር ከነተጨማሪው ከ5 ሜጋባይት ብዙም አይበልጥም። ስለዚህ ትልቅ ፓኬጅ መግዛት ጥቅም የለውም፤ የሚያስፈልገው ቀኑ የማያልቅበት ነው። "ካርድ አለው" የሚባለው ሲም ላይ ፓኬጁ አልፎበት ከዋናው ሂሳብ እየተቆረጠ ይቆይና ሲያልቅ ዝም ይላል። ሂሳቡን ለማየት ሲሙን አውጥተህ ስልክ ውስጥ አስገባ፤ ያኔ ሁለት ሌሎች ነገሮችንም ፈትሽ። የፒን ጥያቄ ካለው አጥፋው፣ ትራከር ፒን መጻፍ አይችልም። የሲሙን የመልእክት ሳጥንም ባዶ አድርገው፤ የማስታወቂያ ቴክስት ሲሞላው ቆየት ያሉት ዕቃዎች አዲስ ትዕዛዝ አይቀበሉም።

በተረፈ ኤፒኤን (ዕቃው ወደ ዳታ የሚገባበት የኔትወርክ መግቢያ ስም) በትክክል መግባቱን እይ። አንድ ፊደል ከተሳሳተ ቴክስት ይሠራል፣ ይደወልለታል፣ ዳታ ግን አይሄድም። ገጣሚዎች "ኔትወርክ ነው" ብለው የሚሸኙህ ብዙ ጊዜ ይሄ ነው።

ከከተማ ውጪ በሄድክበት ቁጥር ብቻ የሚጠፋ ከሆነ ግን በእርግጥ ኔትወርክ ነው። ጥሩ ዕቃ ያንን መንገድ በማህደሩ ይዞ ቆይቶ ኔትወርክ ሲያገኝ ይልከዋል፣ ካርታው ላይ መስመሩ ዘግይቶ ይሞላል። ርካሹ አይዝም፤ ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው ቀጥ ያለ መስመር ብቻ ታያለህ።


ጋራዥ፦

ወደ ሪሌው ልሂድ። የቤንዚን ፓምፑ መስመር ነው የሚቆረጠው። ባለ 12 ቮልት 40 አምፔር፣ ባለ 5 እግር ሪሌ ግዛ፤ ሶማሌ ተራ ከነሶኬቱ ታገኛለህ። ወደ ፓምፑ የሚሄደውን ሽቦ ቆርጠህ አንዱን ጫፍ 30 የሚል ቁጥር ያለበት የሪሌው እግር ላይ፣ ሌላውን 87ኤ ላይ አስገባ። 86ን ከኢግኒሽን 12 ቮልት፣ 85ን ከትራከሩ ቢጫ ሽቦ ጋር አገናኝ። ቢጫው ሲታዘዝ ኔጌቲቭ ይሰጣል፣ ሪሌው ይስባል፣ ፓምፑ ይቆማል። 87 ላይ ካሠራኸው ተቃራኒው ይሆናል፦ ትራከሩ የሞተ ቀን መኪናዋም አትነሳም። የሪሌው ጥቅልል 150 ሚሊአምፔር ያህል ይወስዳል፣ አብዛኛው ትራከር ይችለዋል፤ ግን 85ና 86 ላይ ባለ 1ኤን4007 ዳዮድ አስገባ፣ ነጩ መስመር ወደ 86። ያለ ዳዮድ ሪሌው ሲለቅ የሚመልሰው ብልጭታ የትራከሩን ትራንዚስተር ያቃጥላል።


ሽቦ ፈቺ፦

የአስተሳሰሩ አሠራር ልክ ነው፣ የሚቆረጠው መስመር ላይ ግን አልስማማም። ትዕዛዙ በቴክስት ነው የሚሄደው፤ ቴክስት ደግሞ ኔትወርክ ውስጥ ተይዞ ዘግይቶ ሊደርስ ይችላል። ልክ ስትነዳ ደረሰ እንበል። ሞተሩ ይጠፋል፣ መሪው ይከብዳል፣ ፍሬኑ ላይ ያለው አጋዥ ግፊት አንድ ወይም ሁለት ርግጫ ከሰጠ በኋላ አይኖርም። ጎፋ ቁልቁለት ላይ ይህ ቀልድ አይደለም።

የሞተሪኖውን ቀጭን የማዘዣ ሽቦ ቁረጥ፣ ወፍራሙን አትንካ። የሚሄድ ሞተር አይጠፋም፤ ሌባው አንዴ ካጠፋ ግን አያስነሳም።


ጋራዥ፦

ማንዋል ብትሆን ገፍቶ ያስነሳታላ። ሌባ ደግሞ ሞተር አያጠፋም፣ ደብረ ዘይት እስኪደርስ ይነዳል።


ሽቦ ፈቺ፦

ለዚያ ነው ትራከሩ የተገጠመው፤ የት እንዳለች እያየህ ለፖሊስ ትናገራለህ። ፓምፑን ነው የምትል ከሆነ ግን ቢያንስ መቼቱ ውስጥ ፍጥነት ከ20 ኪሎሜትር በሰዓት በታች ሲሆን ብቻ እንዲቆርጥ አድርግ። ያ አማራጭ የሌለው ዕቃ ላይ ፓምፕ አትቁረጥ። ቪትዟ አውቶማቲክ ከሆነች ደግሞ የመግፋቱ ነገር የለም፣ ክርክሩ ለእሷ ያለቀ ነው።


ሲልቨር ስፕሪንግ፦

ከአሜሪካ ትራከር ገዝታችሁ ለቤተሰብ ለመላክ ለምታስቡ። እዚህ ኤቲኤንድቲ የሚባለው የስልክ ኩባንያ 2ጂን እ.ኤ.አ. በ2017 መጀመሪያ፣ 3ጂን በ2022 ዘግቷል፤ ስለዚህ ሱቅ ላይ ያሉት ዕቃዎች 4ጂ ብቻ ናቸው። ብዙዎቹም ሲማቸው የተቆለፈ፣ በወር ክፍያ የሚሠራ ነው፤ ክፍያው ሲቆም ዕቃው ድንጋይ ይሆናል። የምትልኩት ሲም የሚቀየርበትና 900 እና 1800 ሜጋኸርዝ ጂኤስኤም የሚደግፍ መሆን አለበት። ካት ኤም (ለአነስተኛ ዕቃዎች የተሠራ የ4ጂ ዓይነት) ብቻ የሚል ከሆነ ተዉት።

ኤርታግ ላኩልኝ የሚልም አለ። ኤርታግ ውስጥ ጂፒኤስ የለም። ብሉቱዝ ነው፤ በአጠገቡ የሚያልፍ አይፎን ካላየው ቦታው አይታወቅም። አይፎን ጥቂት በሆነበት መንገድ ላይ ለሰዓታት ዝም ይላል፤ ከዚያም በላይ ሌባው ስልክ ላይ "የማታውቀው ኤርታግ ከአንተ ጋር እየሄደ ነው" የሚል ማስጠንቀቂያ ይልካል። ለሻንጣ ጥሩ ነው፣ ለመኪና ግን ደካማ ምትክ ነው።

የጃፓኑ ሬዲዮ ቀን ከትራከሩ ጋር አይገናኝም። ጂፒኤስ ሳምንት የሚቆጥረው ከጃንዋሪ 6 ቀን 1980 ጀምሮ ነው፤ የተመደበለት ቦታ 10 ቢት ስለሆነ 1024 ላይ ሲደርስ ወደ ዜሮ ይመለሳል። በኦገስት 1999 እና በኤፕሪል 2019 ተመልሷል፣ ቀጣዩ በኖቬምበር 2038 ነው። 1024 ሳምንት 19 ዓመት ከ7 ወር ያህል ነው፤ ሬዲዮህ ወደ ኋላ የሄደው ልክ ያንን ያህል ነው። አንዳንድ አምራቾች መቁጠሪያውን ከሌላ ቀን ስለጀመሩት የሚሳሳተው በሌላ ጊዜ ነው፤ የሆንዳና የአኩራ ሰዓቶች በጃንዋሪ 2022 ወደ 2002 የተመለሱት በዚህ ዓይነት ስህተት ነው። ሶፍትዌሩ ካልታደሰ የሚደረግ ነገር የለም፣ ቦታ ማሳየቱን ግን አይጎዳም፤ ቦታ የሚሰላው ከሳምንቱ ቁጥር ሳይሆን ከሳምንቱ ውስጥ ካለው ሰዓት ነው። ካርታው የጃፓን ብቻ ስለሆነ ለማንኛውም አዲስ አበባ ላይ ባዶ ነው።

ሰዓቱን ግን አትነካካው። ጃፓን ከኢትዮጵያ 6 ሰዓት ትቀድማለች፤ በእኛ አቆጣጠር ጠዋት 2 ሰዓት ሲሆን እዚያ ከቀኑ 14 ሰዓት ነው፣ ባለ 12 ሰዓት ማሳያ ላይ 2 ይላል። ሬዲዮው ሳይነገረው በሐበሻ ሰዓት እየሄደልህ ነው።


ቪትዝ ነጂ፦

አውቶማቲክ ነች፣ ስለዚህ የሞተሪኖውን መስመር። አንድ የቀረኝ፦ ትራከሩ ከዳሽቦርዱ ፍጥነት ያነሰ ቁጥር ነው የሚያሳየው፤ 100 ሲል ትራከሩ 93 አካባቢ ይላል። የትኛው ነው ልክ?


ሰማይ ጠቋሚ፦

ትራከሩ፣ ሰማይ ካየ። ጂፒኤስ ፍጥነትን የሚያወጣው ከቦታ ልዩነት ሳይሆን የሲግናሉ ድግግሞሽ በእንቅስቃሴው ሲቀየር ለክቶ ነው፤ ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ትክክለኛ ነው። የዳሽቦርድ ጌጅ ግን ሆን ተብሎ ከፍ ተደርጎ ነው የሚሠራው፤ የተባበሩት መንግሥታት ደንብ ቁጥር 39 ከእውነተኛው ፍጥነት በታች እንዳያሳይ ይከለክላል፣ ከላይ ግን 10 በመቶ ሲደመር 4 ኪሎሜትር ድረስ ይፈቅዳል። የጎማ መጠን ከተቀየረም ይለያያል። ድንገት ብሬክ ስትይዝ ትራከሩ አንድ ሁለት ሴኮንድ ይዘገያል፣ ያ የተለመደ ነው።


ሽቦ ፈቺ፦

ቦታ ከቀየርክ በኋላ ዳሽቦርዱን ሳትዘጋ ፈትን። ክፍት ሰማይ ሥር አቁመህ ቴክስት ላክ፣ ኬክሮስ እስኪመልስ ጠብቅ። ቁልፍ ዝጋና የአፑ ላይ የቁልፍ ምልክቱ መጥፋቱን፣ ነጥቡም መቆሙን እይ። ከዚያ ነው ሪሌው፤ ሪሌውን መኪናዋ ቆማ፣ ሞተሯ ጠፍቶ ፈትነው። እና ፓስዎርዱን ቀይረው፤ ፋብሪካው 123456 አድርጎ ነው የሚልከው፣ የሲሙን ቁጥር ያወቀ ሰው ሁሉ መኪናህን ማየትም ማቆምም ይችላል። ገጣሚው ደግሞ ቁጥሩን ያውቀዋል።